የሌቹጊያ ጾመኞች

ከዳላስ ከተማ ተነሥቶ በምዕራብ ቴክሳስ ሜዳ በኩል ወደ ኒው ሜክሲኮ የሚጓዝ ሰው፣ ሚድላንድንና ኦዴሳን አልፎ የፔኮስን አቅጣጫ ሲይዝ፣ ዓይኑ ገና የሚያርፍበት ተራራ ሳያገኝ አፍንጫው አስቀድሞ አንድ ነገር ያገኛል፤ እርሱም የተበላሸ እንቁላል የሚመስል፣ መስኮት ቢዘጉት እንኳ በቀጭኑ ሾልኮ የሚገባ ሽታ ነው። በግራም በቀኝም ነዳጅ የሚስቡት ብረቶች እንደ ተጠማ ግመል አንገታቸውን ደፋ ቀና ያደርጋሉ፤ በረጃጅሞቹ ቱቦዎች ጫፍ ላይ የጋዝ ነበልባል በቀትር ብርሃን ደብዝዞ ይታያል፤ በአጥሮቹም ላይ መርዘኛ ጋዝ አለና ተጠንቀቁ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። መኪናውን ይነዳ የነበረው የእኅቴ ልጅ መስኮቱን ዘግቶ «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡት፤ አሁን እናልፈዋለን» አለኝ። እኔ ግን ሽታውን ለመሸሽ አልቸኰልሁም፤ የምንሄድበትን ዋሻ የፈለፈለው ጠራቢ ይኸው ጋዝ መሆኑን አስቀድሜ አንብቤ ስለ ነበር፣ ወደ አንድ ታላቅ ሕንጻ ከመግባቱ በፊት የሠሪውን እጅ እንደ ጨበጠ ሰው ያለ ስሜት አደረብኝ።

ጉዞው የሽርሽር አልነበረም። እኅቴ፣ የዚህ ልጅ እናት፣ ባለፈው መጋቢት በአዲስ አበባ ዐረፈች። የሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በደኅና ተነሥታ ነበር፤ ኋላ ግን ቁስሉ አመረቀዘ፣ ትኵሳት ተከተለ፣ ሐኪሞቹም አንዱን መድኃኒት ሰጥተው አልሆን ሲል ሌላውን፣ ሌላውም አልሆን ሲል ሦስተኛውን ሞከሩ። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም፣ የሌሊቱ ድካም ከፊቱ ላይ እየተነበበ፣ ወደ ኮሪደሩ ወሰደኝና «አባቴ፣ ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዶታል» አለኝ። በ3ኛው ሳምንት ቀበርናት፤ ልጅዋም ለቀብሯ አልደረሰም።

እርሱ ግን ከኀዘኑ በላይ የሚያቃጥለው ሌላ ነገር ነበረው። ለብዙ ዓመታት፣ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ባገኘ ቍጥር፣ ከራሱም ከጓደኞቹም የተረፈውን የእንክብል መድኃኒት በትንንሽ ፌስታል እየቋጠረ ይልክላት ነበር፤ እርስዋም ጉሮሮዋን ሲከረክራት ሁለት፣ ጉልበቷን ሲቈረጥማት አንድ እየዋጠች፣ ጎረቤት ሲታመምም እያካፈለች፣ የቀረውን በቡፌው መሳቢያ ውስጥ ለክፉ ቀን ታኖረው ነበር። በአርባዋ ማግሥት ስልክ ደወለልኝና፣ ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ያላመድሁት እኔ እሆን?» አለኝ። የምሰጠው መልስ ስላልነበረኝ እኔም ዝም አልሁ።

ከዚያ ወዲህ ያ ቃል ከኅሊናዬ አልወጣ አለ። መላመድ በቋንቋችን የሁለት ተገናኞች ግብር ነው፤ በቅሎ ጌታዋን ትላመዳለች፣ ሙሽራ የአማቷን ቤት ትላመዳለች፣ ዓይን ጨለማን ይላመዳል፤ ለማጁ የሚለምደውን ነገር አስቀድሞ ሳያገኘው ሊለምደው አይችልም። ታዲያ ሰው ረግጦት በማያውቀው፣ የመድኃኒት ጠረን በማይደርስበት፣ ከ4 ሚሊዮን ዓመት በላይ ከምድር ገጽ ተለይቶ በኖረ ጥልቅ ዋሻ ውስጥ ተሕዋስያን ተገኝተው፣ እነርሱም የሐኪሞቻችንን መድኃኒት የሚቋቋሙ ሲሆኑ፣ ይህን በምን ስም እንጠራዋለን? ይህንን ባነበብሁበት ሌሊት ነው ወደ ልጁ ዘንድ ለመሄድ የቈረጥሁት። ነገሩ ያጽናናው እንደ ሆነ ወይም ሸክሙን ያከብድበት እንደ ሆነ አስቀድሜ ማወቅ አልቻልሁም፤ ብቻ ያንን ምድር አብረን ቆመን እንድናየው ፈለግሁ።

በካርልስባድ ከተማ አድረን በማግሥቱ ማለዳ የጓዳሉፔ ተራሮች ግርጌ ደረስን። ጥቅምት ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ተረተሩ ግን ግራጫና ደረቅ ሆኖ፣ ከቁልቋል በቀር የሚያበቅል አይመስልም። በድንጋዩ ስንጥቅ ሁሉ ቅጠሉ እንደ ጦር የሾለ፣ የቃጫ ዘመድ የሆነ አጭር ተክል ቆሟል፤ ስሙም ሌቹጊያ ነው፤ ያ የምፈልገው ዋሻም ስሙን የወረሰው ከዚህ እሾኻም ተክል ነው። ይህ ሁሉ ደረቅ ምድር ከ260 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የባሕር ዳርቻ ነበረ፤ ተራራውም ሰፍነጎችና አልጌዎች፣ አንዱ በሌላው ዐፅም ላይ እየተደረበ፣ በውኃ ውስጥ የካቡት የኖራ ድንጋይ ግንብ ነው። ሕያዋን የሠሩት ተራራ መሆኑን ሳስበው፣ በኋላ በሆዱ ውስጥ ሕይወት መገኘቱ ያን ያህል እንግዳ ነገር መስሎ አልታየኝም።

ለሕዝብ የተከፈተው የካርልስባድ ዋሻ ነው፤ በደጁም የቆመችው የፓርክ ጠባቂ ከሁሉ አስቀድማ ወደ ጫማችን አመለከተችና ይህን ጫማ አድርገን ሌላ ዋሻ ገብተን እናውቅ እንደ ሆነ ጠየቀችን። ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ የሌሊት ወፎችን በሚሊዮን የፈጀ አንድ የሻጋታ በሽታ አለ፤ እርሱም በሰው ጫማና ልብስ ተጣብቆ ከዋሻ ወደ ዋሻ ሊሻገር ይችላል። ጥያቄው እኔን ወደ ኋላ፣ ወደ ባሌ ወሰደኝ። የዛሬ 20 ዓመት ገደማ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ፣ የወይብ ወንዝ በዓምዶቹ መካከል እያስገመገመ፣ በእጄ ግድግዳውን እየዳሰስሁ፣ የበላሁትን የብርቱካን ልጣጭም እዚያው ጥዬ አልፌአለሁ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም፤ ድንጋይ ድንጋይ ነው፣ ምን ይጎዳል ብዬ ነበርና። ጠባቂዋ ከውኃ በቀር ምንም ምግብ ይዘን እንዳንገባ፣ ድንጋዩንም እንዳንነካ አስጠንቅቃ አሳለፈችን።

መንገዱ 2 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ 230 ሜትር ገደማ ወደ ታች ይወርዳል። በመጀመሪያ የሌሊት ወፍ ጠረን፣ ቀጥሎ የ13 ዲግሪ ቅዝቃዜ፣ ከዚያም ዝምታ ተቀበሉን፤ ከኋላችን የቀረው የበሩ ብርሃን በየመታጠፊያው እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ የሻማ ጭላንጭል ያህል ሆነና ጠፋ። አባቶቻችን ለዋሻና ለባሕታዊ ማረፊያ አንድ ስም፣ በዓት የሚለውን ቃል ሰጥተዋል፤ መናኙ በዓቱን ሲዘጋ ዓለምን የሚጠላ ሳይሆን ዓለምን ይዞ ላለመግባት የሚጠነቀቅ ሰው ነው። ይህን ነገር ያሰብሁት አንዲት ትንሽ ነገር ካየሁ በኋላ ነው። ከመንገዱ ዳር በተሰወረ መብራት አጠገብ፣ ከመዳፍ የማይሰፋ ቦታ ላይ፣ ግራጫው ድንጋይ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ቀረብ ብዬ ስመለከተው እንደ ጥሩ ከፋይ የለሰለሰ አልጌ ነው፤ በጨለማ መንግሥት ውስጥ ሊኖር የማይገባው፣ በጎብኚ ጫማና ልብስ ዘሩ ገብቶ በአምፖል ብርሃን የበቀለ እንግዳ። የብርሃን ክቡ ባለቀበት አረንጓዴውም አልቋል፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋዩ እንደ ጥንቱ ነው።

ጎብኚ ሁሉ ሳያውቀው የሚጥለው ነገር አለ፤ የልብሱ ብናኝ፣ የራሱ ጠጕር፣ የቆዳው ቅርፊት። ይህ ሁሉ በመንገዱ ግራና ቀኝ እየተጠራቀመ ነጩን ድንጋይ ያጠለሸዋል፤ ለሻጋታና ለነፍሳትም ቀለብ ይሆናል፤ ስለዚህ በጎ ፈቃደኞች በየጊዜው እየመጡ በብሩሽና በወረንጦ ክር በክር ይለቅሙታል። በ2024 ደግሞ አንድ ጎብኚ «ቢግ ሩም» በሚባለው ታላቅ አዳራሽ ውስጥ አንድ ከረጢት ቺቶስ የሚባል የበቆሎ ቂጣ ከመንገዱ ውጭ ጥሎ ነበር። የበቆሎው ቂጣ የዋሻውን እርጥበት ጠጥቶ በለሰለሰ ጊዜ ሻጋታ አበቀለ፤ ፌንጣዎች፣ ሸረሪቶች፣ ዝንቦች ተሰበሰቡ፤ የፓርኩ ጠባቂዎችም ያንን ሻጋታ ከድንጋዩ ላይ ለማንሣት 20 ደቂቃ ያህል ፈጀባቸው። ለሰው አንዲት ቍንጣሪ የሆነች ነገር ለዚያ ዓለም የማትጠበቅ ድግስ ነበረች።

አዳራሹ ሲደርሱበት ሰውን ዝም ያሰኛል። ስፋቱ 33,000 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ከጣሪያው የድንጋይ ጧፎች ይወርዳሉ፣ ከወለሉም ሌሎች ጧፎች ይቀበሏቸዋል። የእኔ ዓይን ግን ከጧፎቹ ይልቅ በየጥጉ ተጋድመው በሚታዩ ነጫጭ የጂፕሰም ክምሮች ላይ ዐረፈ፤ ትላንት በመንገድ ላይ ያሸተትሁት ጋዝ እዚህ መዋሉን የሚመሰክሩት እነርሱ ናቸውና። አብዛኛው ዋሻ የሚፈጠረው የዝናብ ውኃ ከላይ ወደ ታች ሰርጎ ኖራውን ቀስ በቀስ ሲያሟሟው ነው፤ የጓዳሉፔ ዋሻዎች ግን የተበሉት ከታች ወደ ላይ ነው። ከነዳጁ ምድር የተነሣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በስንጥቆች ሽቅብ ወጥቶ፣ ኦክስጅን ካለበት ውኃ ጋር በተገናኘ ጊዜ፣ የድኝ አሲድ ሆነ፤ አሲዱም የኖራውን ድንጋይ እየበላ፣ ከበላው የተረፈውን ጂፕሰም እንደ ማዕድ ትራፊ ጥሎ ሄደ። ይህ የሆነው ከ4 እስከ 6 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ሲሆን፣ ውኃው ካፈገፈገ በኋላ ባዶው አዳራሽ ለዝምታ ቀረ።

ከዚህ አዳራሽ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በዚያው ተራራ ሆድ ውስጥ፣ ሌቹጊያ አለ። ለጎብኚ አይከፈትም፤ ፈቃድ ከተሰጣቸው ጥቂት ሳይንቲስቶችና አሳሾች በቀር ማንም አይገባበትም፤ እኛም ከላይ ቆመን ተረተሩን ከማየት በቀር አልተፈቀደልንም፤ ይህም መሆኑን ደግፌዋለሁ። ለብዙ ዘመን ይታወቅ የነበረው የሌሊት ወፍ ኩስ የተቈፈረበት 27 ሜትር ያህል የሚጠልቅ ተራ ጉድጓድ ሆኖ ነው። በ1950ዎቹ ግን አንዳንድ አሳሾች ከጉድጓዱ ወለል ፍርስራሽ ሥር ነፋስ ሲያገሣ ሰሙ፤ ነፋስም ባለበት ባዶ ቦታ አለ። ከኮሎራዶ የመጡ አሳሾች ከፓርኩ ፈቃድ አግኝተው በ1984 መቈፈር ጀመሩ፤ በግንቦት 1986 (እ.ኤ.አ.) ፍርስራሹን ጥሰው ባለፉ ጊዜ፣ በዓለም ላይ ካሉት ረጃጅምና ጥልቅ ዋሻዎች አንዱ በፊታቸው ተከፈተ። እስከ ዛሬ የተለካው ከ240 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱም 489 ሜትር ነው፤ የለካው እጅ ግን ገና ጫፉን አላገኘም።

ወደዚያ የሚወርድ የምርምር ቡድን በገመድ ይገባል፤ በውስጡም ሙቀቱ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ እስከ መጨረሻው የሞላ ስለ ሆነ ላብ አይደርቅም። ለቀናት የሚበቃውን ስንቅ፣ መብራትና የናሙና ዕቃ በጀርባቸው ተሸክመው፣ በጠባብ ቀዳዳ በደረታቸው እየተሳቡ፣ በተወሰነላቸው ሰፈር ብቻ ያድራሉ። ሲበሉ ፍርፋሪ እንዳይወድቅ በላስቲክ ላይ ጎንበስ ብለው ይበላሉ፤ ከሰውነታቸው የወጣውን ዐይነ ምድር ሳይቀር አሽገው ይዘውት ይወጣሉ። ነጭ ወለል ሲደርሱም ጭቃማውን ጫማቸውን አውልቀው ይሻገራሉ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ፣ በሕፃንነቴ እናቴ እጄን ይዛ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማዬን ስታስወልቀኝ ታየችኝ፤ ሊቃውንቱ ያንን ትእዛዝ ከየትኛውም ካህን አልተቀበሉትም፤ ከድንጋዩ ንጽሕና ራሳቸው አነበቡት። አደጋውም ቀላል አይደለም፤ በ1991 አንዲት አሳሽ በጥልቁ ውስጥ እግሯ ተሰብሮ፣ ብዙ ሰዎች ተረባርበው ከዋሻው ያወጧት ከ4 ቀን ድካም በኋላ ነበር።

በዋሻው ውስጥ ያለው የሕይወት ነገር የተገለጠው ቀስ በቀስ ነው። በሌቹጊያ ግድግዳዎች ላይ ቡኒ፣ ቀይ፣ ጥቁርና ሮዝ የሆነ ልስልስ ዱቄት ተለጥፎ ይታያል፤ ለብዙ ጊዜ የድንጋይ ዝገት እንጂ ሌላ ነገር አልመሰለም ነበር። በ1994 ወደዚያ የወረደችው ፔኒ ቦስተን የተባለችው ሳይንቲስት፣ ከዚያ ዱቄት ጥቂት ወደ ዓይንዋ ወድቆ ዓይንዋ አብጦ በተዘጋ ጊዜ፣ ይህ ነገር ሕይወት ያለው ቢሆንስ ብላ መጠርጠር ጀመረች። ድንጋይ ቢሆን ዓይንን ይቈረቍራል፤ እንዲህ የሚያሳብጠው ግን ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ እርስዋ፣ ዳያና ኖርዘፕና ባልደረቦቻቸው ባደረጉት ምርመራ፣ በብረትና በማንጋኒዝ በተሞላው በዚያ ዱቄት ውስጥ ተሕዋስያን እንደሚኖሩና በመፈጠሩም እጃቸው እንዳለበት የሚያስረዳ ማስረጃ ተገኘ። ፀሐይ የለም፤ ቅጠል የለም፤ ከላይ የሚወርድ ምግብም ከምንም የሚቈጠር አይደለም፤ እነዚህ ደቂቃን ፍጥረታት ግን ድንጋዩን ራሱን እየላሱ፣ በአየርና በውኃ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ነገር እየቃረሙ ይኖራሉ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የሚከተለው ነው። ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉትን ተሕዋስያን ከዋሻ አውጥተው በቤተ ሙከራ ለማርባት ሲሞክሩ፣ ለተራ ባክቴሪያ የሚሰጠውን ወፍራም መኖ ያቀረቡላቸው እንደ ሆነ ብዙዎቹ አይበቅሉም፤ ይሞታሉ እንጂ። መኖውን ደጋግመው በውኃ አቅጥነው፣ ከምንም ጥቂት ከፍ ባለ መጠን ሲሰጧቸው ግን፣ ከብዙ ትዕግሥት በኋላ በመስታወቱ ሳሕን ላይ ነጥብ ነጥብ እያሉ ይታያሉ። እኛ የዚህን ነገር ጥበብ ከእናቶቻችን ጓዳ እናውቀዋለን፤ ሁዳዴን 55 ቀን የጾመ ሰው በፋሲካ ሌሊት በዶሮ ወጡ ላይ ከመውደቁ በፊት ተልባ ይጠጣል፤ የደረቀ አንጀት ብርቱ ምግብ ባንድ ጊዜ አይችልምና። እኅቴ በየዓመቱ ተልባውን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በማር በጥብጣ በብርጭቆ የምታቀርብልኝ እርስዋ ነበረች። የሌቹጊያ ተሕዋስያን ጾም የተጀመረው ሰው የሚባል ፍጥረት ገና በምድር ላይ ሳይታይ ነው፤ ፋሲካም የለውም።

በዚህ ጾም ውስጥ ያለው ሕይወት ግን የሰላም ሕይወት ብቻ አይደለም። ብርቱ የዋሻ አሳሽ የሆነችው የሥነ ተሕዋስያን ሊቅ ሐዜል ባርተን፣ በካናዳ ከማክማስተር ዩኒቨርሲቲው ጄሪ ራይት ጋር ሆና፣ ሰው እምብዛም ካልደረሰበት የሌቹጊያ ክፍል የተሰበሰቡ 93 የባክቴሪያ ዘሮችን አስመረመረች። በ2012 ይፋ የሆነው ውጤት ብዙዎችን አስደነቀ፤ በ26 ዓይነት መድኃኒት ተፈትነው አብዛኞቹ ከአንድ በላይ የሆነውን ተቋቋሙ፤ ከመካከላቸውም 14 ዓይነት የማይበግራቸው ተገኙ። በ2016 ደግሞ ከእነርሱ አንዱ፣ ፔኒባሲለስ ከሚባለው ወገን የሆነው፣ በሐኪም ቤት ከምንጠቀምባቸው መድኃኒቶች አብዛኛውን እንደሚቋቋም፣ በውርሱም ውስጥ መድኃኒት የሚመክቱ 18 ነገሮች እንዳሉት ተገለጠ። እነዚህ ተሕዋስያን ሰውን አያሳምሙም፤ ታማሚ አይተው አያውቁም፤ እንክብል ያኘከ ሰው ምራቅ አልደረሰባቸውም።

ምሥጢሩ መድኃኒቶቻችን ከየት እንደ መጡ ሲታሰብ ይፈታል። ፔኒሲሊን በ1928 የተገኘው ከሻጋታ ነው፤ ስትሬፕቶማይሲንም በ1943 ከአፈር ተሕዋስያን ተቀድቷል። የእኛ ሊቃውንት ያደረጉት፣ እልቆ መሳፍርት በሌለው ዘመን ደቂቃኑ እርስ በርሳቸው ሲወራወሩበት ከኖሩት ጦር አንዱን አንሥቶ ለሰው መጠቀም ነው። ጦር ባለበት ጋሻ ነበረ፤ ጋሻውም ከሐኪሙ፣ ከመርፌውና ከእንክብሉ በፊት የተሠራ ነው። ስለዚህ መላመድ ማለታችን ከነገሩ ግማሹን ብቻ የሚናገር ቃል ሆኖ ይታየኛል፤ አንዳንዱ ጀርም የሚላመድ ሳይሆን ጥንቱን የታጠቀ ነውና።

ይህን ሁሉ ለልጁ የነገርሁት በአዳራሹ ውስጥ «መስተዋት ሐይቅ» በምትባለው ትንሽ ኩሬ አጠገብ ባለ መቀመጫ ላይ ተቀምጠን ነው። ውኃዋ ከመርጋቷ የተነሣ የጣሪያው ጧፎች በውስጥዋ የበቀሉ ይመስላሉ። እርሱ ጎንበስ ብሎ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል አጣምሮ ሰማኝ። ከዚያም ቀና ሳይል «እንግዲህ እኔ አይደለሁማ?» አለ።

«ጋሻውን የሠራኸው አንተ አይደለህም ልጄ» አልሁት። እዚያ ላይ ባቆም እንዴት ደስ ባለኝ፤ ግን በእናቱ ስም የሐሰት ማጽናኛ ልሰጠው አልወደድሁም። ስለዚህ ቀጥዬ፣ ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን በተቀበለ ጊዜ፣ መድኃኒቱን አሳንሶ የሚወስድ ሰው ጀርሙን ለመቋቋም እንደሚያበቃው ማስጠንቀቁን ነገርሁት። ሲያርም ስንዴውን ነቅሎ እንክርዳዱን የሚተው ገበሬ እንክርዳድን አልፈጠረም፤ እርሻውን ግን ለእንክርዳድ ሰጥቶታል፤ ያለ ልክ የሚወሰድ እንክብልም ጋሻ የሌላቸውን ገድሎ ቦታውን ለባለ ጋሾቹ ይለቅላቸዋል። «ከአንተ ፌስታል ይምጣ፣ ከጎረቤት ቤት ይምጣ፣ ከተኛችበት አልጋ ይምጣ፣ አሁን ማንም ሊለየው አይችልም። እኔም የላክህላትን መድኃኒት ጉንፋን በያዘኝ ጊዜ ከእጇ ተቀብዬ ውጫለሁ።»

ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከጣሪያው አንዲት ጠብታ ወደ ኩሬዋ ወደቀች፤ የተገለበጡት ጧፎች ተነቃንቀው እንደገና ረጉ።

«በቡፌው መሳቢያ ውስጥ የቀረውስ?» አለኝ።

«እዚያው ነው። መሳቢያውን እስካሁን አልከፈትሁትም።»

«ሲመለሱ ለማንም እንዳይሰጡት። መድኃኒት ቤት ይውሰዱትና እነርሱ ያስወግዱት። ቆጥረው ደግሞ ይንገሩኝ፤ ስንት እንደ ቀረ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

እሺ አልሁት፤ ለምን መቁጠር እንደ ፈለገም አልጠየቅሁትም።

ለመሄድ ስንነሣ፣ እኔ ልዩ ልዩ ነገር እያሰብሁ ጥቂት እርምጃ ቀድሜ ነበር፤ ዘወር ብል አልተከተለኝም። በመንገዱ ዳር ባለችው ዝቅተኛ የድንጋይ ካብ አጠገብ በርከክ ብሎ፣ በስልኩ መብራት አንድ ነገር ይመለከታል። ቀረብሁ። በነጩ ድንጋይ ላይ፣ የጣት ርዝመት የማታህል፣ ጫፏ የተጠቀለለ ጥቁር የሱፍ ክር ወድቃለች። እኅቴ ካረፈች ጀምሮ ያላወለቅሁት የከል ሹራብ ከእጅጌው በኩል ተተርትሮ ኖሯል። ድንጋዩን ላለመንካት እስትንፋሱን ይዞ፣ በሁለት ጥፍሮቹ ክርዋን ብቻ ቆንጠጥ አድርጎ አነሣት፤ በኪሱ በነበረ የነዳጅ ማደያ ደረሰኝ ውስጥ ጠቀለላት፤ ደረሰኙንም በደረት ኪሱ ከትቶ ቍልፉን ቈለፈው።

«ሌላም ሊኖር ይችላል» አለና፣ መብራቱን ዝቅ አድርጎ ወደ መጣንበት መንገድ ሄደ።